ቀላልን ያፈጠነው ሰው

በሆስፒታሉ ውስጥ ስሙን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው፤ ሁሉም «አስተርጓሚው» ይሉታል። ይህ ቅጽል ስም አንድ ቀን ጉድ ሊያፈላበት ነበር። የውጭ አገር እንግዶች ሊጎበኙ የመጡ ዕለት የተቀጠረላቸው ተርጓሚ ሲቀር፣ የጥበቃ ኃላፊው ምድር ቤት ድረስ ሮጦ ወርዶ ክንዱን ይዞ እያዳፋ አመጣውና አዳራሹ መሃል አቁሞ «ይኸው፣ እኛም አስተርጓሚ አለን!» አለ። እንግዶቹ አንድ ቃል በማያውቀው ቋንቋ አምስት ደቂቃ ሙሉ ተናገሩ። እሱም ላቡን እየጠረገ «በጣም ደስ ብሏቸዋል» ብሎ አሳጠረው። ተጨበጨበለት።

እውነተኛው አስተርጓሚ ግን እሱ ሳይሆን እሱ የሚንከባከበው ፕሮግራም ነው። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት አንድ ምራቃቸውን የዋጡ የሒሳብ መምህር ለዚህ ሆስፒታል ሲሉ የኮምፒውተር ቋንቋ ፈጠሩ። «ከሆነ»፣ «ካልሆነ»፣ «ድገም»፣ «በቃ» እየተባለ በፊደላችን የሚጻፍ፣ ኮምፒውተር ያልተማረ የካርድ ክፍል ሠራተኛ እንኳ አንብቦ የሚረዳው ቋንቋ ነው። ስሙንም «ቀላል» አሉት። እሱ ያኔ ከትምህርት ቤት የወጣ ትኩስ ምሩቅ ነበር፤ ረዳታቸው ሆኖ ተቀጠረ። መምህሩ ካረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆናቸው፣ ቋንቋው ግን አለ። ካርድ ማውጣቱ፣ ቀጠሮው፣ የላቦራቶሪ ውጤቱ፣ የአልጋ ድልድሉ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት ፕሮግራም በሙሉ የተጻፈው በቀላል ነው። ቀላልን አብጠርጥሮ የሚያውቅ በሕይወት ያለ ሰው ደግሞ አንድ እሱ ብቻ ነው።

መምህሩ ስም ሲያወጡ አልዋሹም፤ ለመጻፍ ቀላል ነው። ፍጥነቱ ነው ሰው የሚያስለቅሰው። አስተርጓሚ የሚባለው ፕሮግራም በቀላል የተጻፈውን መስመር በመስመር እያነበበ ለማሽኑ ይነግረዋል። አንዱን መስመር ሺህ ጊዜ ቢያገኘው ሺህ ጊዜ እንደ አዲስ ይተረጉመዋል እንጂ «ይህንንስ ቅድም አይቼው ነበር» ብሎ አያልፍም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የአንድ በሽተኛ ካርድ በአንድ ደቂቃ ይወጣል። አራት ሰዓት ሆኖ ሰው ሲበዛ አራት ደቂቃ ይፈጃል። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ሞልቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፣ ካርድ ክፍል ውስጥ ደግሞ ጸሐፊዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው መስኮቱን እያዩ «ቀላል ይፈጥናል!» እያሉ ያሾፋሉ። ይህን ቀልድ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሰማው እግዜር ይወቀው። በሰማው ቁጥር ግን ፈገግ ይላል፣ ጨዋ ሰው ነው።

የሚሠራበት ክፍል ድሮ ራጅ የሚነሳበት ነበር። መስኮት የለውም። በሩ በእርሳስ የተለበጠ ስለሆነ ለመክፈት በትከሻ መግፋት ይጠይቃል፤ የስልክ ሞገድም አያስገባም። ከባለቤቱ ጋር ለመነጋገር ደረጃው ላይ መውጣት አለበት። መነጋገሩ ደግሞ የኑሮው ትልቁ ክፍል ነው፤ ምክንያቱም እሷና ልጃቸው ያሉት በአውቶቡስ ዘጠኝ ሰዓት በሚያስኬድ ሌላ ከተማ ነው። ባለቤቱ የሒሳብ አስተማሪ ናት። ከስድስት ዓመት በፊት አባቷ አልጋ ላይ ሲውሉ ልጃቸውን ይዛ ሄደች፣ እዚያው ትምህርት ቤት ቦታ አገኘች። አባቷ ዛሬም አልጋ ላይ ናቸው። «አንተም በዚህ ዓመት ተዛውረህ ትመጣለህ» ተባባሉ። ያኔ ልጅቷ ሁለት ዓመቷ ነበር። አሁን ስምንት ሞላት፣ አባቷን በዓመት ሁለት ጊዜ ታየዋለች።

የዝውውር ማመልከቻ አምስት ጊዜ ጽፏል። ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ማመልከቻውን ሁልጊዜ እስከ መጨረሻው ያነቡታል፣ መነጽራቸውን ያወልቁና ዓይናቸውን ያሻሉ።

«ወንድሜ፣ ይገባኛል። ተተኪ ይገኝና በማግስቱ ትሄዳለህ» ይሉታል።

ተተኪ ከየት ይምጣ? ሁለት ጊዜ አዲስ ምሩቅ ተቀጥሮለት ነበር። የመጀመሪያው ሦስት ሳምንት ተምሮ «ይቅርታ ጋሼ፣ ይህ ቋንቋ ከዚህ ግቢ ውጭ የት ይሠራል?» ብሎ ጠየቀው። የትም አይሠራም። ልጁ አመስግኖ ሄደ። ሁለተኛዋ አልጠየቀችም፤ አንድ ቀን ለምሳ ወጥታ በዚያው ቀረች። እሱም አልፈረደባቸውም። የሚያውቁት አንድ ሰው ብቻ የሆነ ነገር ውስጥ መግባት ምን ማለት እንደሆነ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ከአራት ዓመት በፊት ግን አንድ ሐሳብ መጣለት። ለሰውየው ተተኪ ካልተገኘ፣ ለአስተርጓሚውስ? አሮጌው በየሳምንቱ ይወድቃል፣ በየቀኑ ይታነቃል፤ ሰው አጠገቡ ካልተቀመጠ አይሆንም። ቋንቋው ሳይነካ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለቱም ፕሮግራሞች ሳይነኩ፣ ከሥር ያለው ብቻ ቢለወጥስ? መስመር በመስመር የሚያነበንብ ሳይሆን፣ ፕሮግራሙን አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አንብቦ ወደ ማሽኑ ቋንቋ ገልብጦ የሚያስቀምጥ ኮምፓይለር ቢሠራ፣ ሥራው ይፈጥናል፣ ሞግዚትም አያስፈልገውም። ዳይሬክተሩ ዘንድ ወጥቶ ነገራቸው።

«ይሆናል ብለህ ነው? ቢሆን ኖሮ መምህሩ ራሳቸው አያደርጉትም ነበር?»

«መምህሩ ጊዜ አልነበራቸውም፣ ዶክተር።»

«እንግዲያው ፈጣኑን አስረክበኝና ደብዳቤህን በማግስቱ እፈርማለሁ» አሉት።

ከዚያ ወዲያ የምሳ ሰዓቱ ምሳ ሰዓት መሆኑ ቀረ። ዳቦውን በአንድ እጁ እየገመጠ በሌላው ይጽፋል። ቀላል ደግሞ ለሚያፈጥነው ሰው አይመችም። መምህሩ ለተጠቃሚው ሲያዝኑ ሁሉንም ነገር ፈቅደው ነበርና፤ ቁጥር የነበረው መሃል መንገድ ላይ ቃል ሊሆን ይችላል፣ ያልነበረ ስም በድንገት ሊፈጠር ይችላል። ይህንን ሁሉ አስቀድሞ ማወቅ ለማይችል ማሽን ማፍጠን የማይታሰብ ይመስል ነበር። ስንት ጊዜ ወገቤን ብሎ ተወው፣ ስንት ጊዜ ሰኞ ጠዋት ተመልሶ ገባበት። አራት ዓመት ፈጀበት። በአራተኛው ዓመት አለቀ፣ ዳይሬክተሩም አንድ ቅዳሜ ለሙከራ ፈቀዱ።

የሙከራው ነገር እስከ ዛሬ ይወራል። የዓርብ በሽተኞችን መዝገብ ቅጂ ወስደው በፈጣኑ ቀላል አስኬዱት፤ ማን ወደ የትኛው ክፍል እንደሚመራ ወረቀት እንዲያወጣ ማለት ነው። አሮጌው ጠዋቱን ሙሉ የሚፈጅበትን ፈጣኑ ሻይ ሳይቀርብ ጨረሰው። ወረቀቶቹን ያነሳችው የካርድ ክፍል ኃላፊዋ ናት፤ እትዬ ካርድ ይሏታል፣ ሠላሳ ዓመት እዚያ መስኮት ላይ ተቀምጣለች። የመጀመሪያውን አየች። ሁለተኛውን አየች። ከዚያ ወንበሯ ላይ ዘፍ ብላ እስክታነባ ሳቀች።

«እኚህ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ሕፃናት ክፍል! እኚህም ሕፃናት ክፍል! ኧረ የኛ ሰውዬ፣ ከተማውን በሙሉ ወደ ጡት መለስከው እኮ!»

ዕድሜያቸው ዜሮ ሆኖ ነበር፣ የሁሉም። እሱ አልሳቀም፤ ክው ብሎ ቆመ። ምድር ቤት ወርዶ ፕሮግራሙን ሲያገላብጥ ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም፣ አገኘው። መምህሩ ከሃያ ዓመት በፊት «ዕድሜ» ብለው በዐይኑ «ዐ» ጽፈዋል። ከእሳቸው በኋላ የነካካው ሰው ደግሞ «እድሜ» ብሎ በአልፋው «አ» ጽፏል። አንዱ ቦታ «ሐኪም»፣ ሌላው ቦታ «ሀኪም»፤ አንዱ «ፀጉር»፣ ሌላው «ጸጉር»። የፊደል ነገር መቼም ሁላችንም የምንተዋወቅበት ነው። መምህሩ ይህን አውቀው አስተርጓሚው ስም ባገኘ ቁጥር ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት አንድ አድርጎ እንዲያይ አድርገውት ነበር። እሱ ደግሞ ጊዜውን የሚበላው አንዱ ይኸው መሆኑን አይቶ፣ «ማን ይሳሳታል» ብሎ አውጥቶ ጥሎታል። ለፈጣኑ ቀላል «ዕድሜ» እና «እድሜ» ሁለት የማይተዋወቁ ነገሮች ናቸው። አንደኛው ውስጥ ሰባ ስምንት አለ፣ ሌላው ውስጥ ምንም የለም።

ዳይሬክተሩ አልተቆጡም። ሐሙስ በአራት ሰዓት የቦርድ ሰዎች ባሉበት አንድ የመጨረሻ ሙከራ ይደረጋል አሉ፣ ሄዱ። እትዬ ካርድ ግን ሳቋ ካለፈላት በኋላ ምድር ቤት ወርዳ ያንን በር በትከሻዋ ገፍታ ገባች። እንደ ልጇ የምታየው ሰው ነው።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርህና ከኔ ሰማሁ እንዳትል። እኔ ኮሚቴ ውስጥ አለሁበት።»

«ምን ሆነ እትዬ?»

«ዝግጁ የሆነ ፕሮግራም ሊገዙ ነው። ከነባለሙያው የሚመጣ። ሐሙስ ያንተ ከወደቀ እዚያው ይፈርማሉ። ሻጩም ይመጣል። ያ ከገባ ቀላል ተዘጋ፣ አንተም ለማንም አታስፈልግም ማለት ነው። ሻንጣህን ይዘህ ወደ ልጅህ!»

«ከሠራስ?»

እትዬ ካርድ ወደ በሩ ዞር ብላ መዘጋቱን አረጋገጠች።

«ከሠራማ ግዥው ይቀራል። ሌሎች ሦስት ሆስፒታሎችም እንጠቀምበት ብለዋል። ያኔ አንተን የሚለቅህ ማን ነው? እኔ ብሆንም አልለቅህ። ስለዚህ ስማኝ፣ ያንን ፊደል አትንካው። አርፈህ ተቀመጥ።»

አራት ዓመት መውጫ ብሎ የቆፈረው ጉድጓድ ዞሮ እዚያው ክፍል ውስጥ እንደሚያወጣው የገባው ያኔ ነው። ዳይሬክተሩ ቃል ገብተው የለ ወይ የሚል ይኖራል። ቃላቸውማ አለ፣ በወረቀት የሰፈረ ነገር ግን የለም። አሮጌውን ቀላል የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር፤ ፈጣኑም ሲጨመር እሱ ብቻ የሚያውቃቸው ነገሮች ሁለት ይሆናሉ። ይህን ለመረዳት የሒሳብ አስተማሪ ማግባት አያስፈልግም።

በዚያው ቀን ደረጃው ላይ ወጥቶ ለባለቤቱ ደወለና ሁሉንም ነገራት። እሷ እስኪጨርስ አላቋረጠችውም።

«ምንም አታድርግ፣ አይደል የተባልከው?»

«አዎ፣ ምንም።»

«እንግዲያው ምንም አታድርግ። በሕይወትህ አንዴ እንኳ ሥራህን አበላሽ። ለኛ ስትል።»

«እሺ» አላት። ከልቡ ነው «እሺ» ያላት። ያን ዕለት ደረጃውን ሲወርድ ለራሱ ያፏጭ ነበር።

ሰኞ ምንም አላደረገም። ማክሰኞም ምንም ሳያደርግ ዋለ፤ የኮምፒውተሩን ቁልፎች አንድ በአንድ ነቅሎ በጥጥ አጸዳቸው። ለሚያይ ሰው ጤነኛ ነበር፣ ውስጡን ግን አንድ ነገር እየበላው ነው። ያ «ዕድሜ» አልተኛለትም። መምህሩ ፊደሉን አንድ የሚያደርጉት ስም በተገኘ ቁጥር፣ ሺህ ጊዜ ቢገኝ ሺህ ጊዜ ነው። እሱ ግን ፕሮግራሙን አንድ ጊዜ ነው የሚያነበው። ያን አንዴውን ሲያነብ ፊደሉን አንድ ቢያደርገውስ? ከዚያ በኋላ ሲሠራ ምንም ጊዜ አይወስድበትም። እንዴት ይህ እስከ ዛሬ አልታየኝም ብሎ ግንባሩን መታ።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት «ይሆን እንደሆነ ለማየት ብቻ» አለ። ለማየት ብቻ የሚባል ነገር አደገኛ ነው፣ ይህን እኔም በራሴ አውቀዋለሁ። አሥራ አራት መስመር ጻፈ። ዳቦው ሳይነካ ቀረ። ከዚያ «እንግዲህ ከጻፍኩት አይቀር» አለና አራት መቶ አሥራ ሁለቱንም ፕሮግራሞች በአሮጌውና በአዲሱ አስኪዶ ውጤታቸውን ጎን ለጎን አስተያየ። የአንዲት ፊደል ልዩነት አልነበረም። ሽማግሌው ሰውዬ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ተመለሰላቸው። እሱም በዚያ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ብቻውን ብድግ ብሎ አጨበጨበ፣ ማጨብጨቡን ሲያውቅ ደግሞ አፍሮ ተቀመጠ።

ግን ገና ምንም አልጠፋም ነበር። ሁለቱን ቅጂዎች ለየብቻ አስቀመጣቸው፣ የተበላሸውንና የዳነውን። ሐሙስ የተበላሸውን ይከፍታል፣ በቃ። የዳነውን ለራሱ ማስታወሻ ይይዘዋል።

ሐሙስ በአራት ሰዓት ካርድ ክፍል ሞልቶ ነበር። ዳይሬክተሩ፣ ሁለት የቦርድ አባላት፣ ክራቫት ያሰረ ሻጭ፣ እትዬ ካርድ መስኮቷ ላይ። ዳይሬክተሩ «ከሰልፉ የመጀመሪያውን ሰው አስገቡት» አሉ። እጁ በፋሻ የተጠቀለለ አንድ አናጺ ገባ፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መጥቶ ነው የተሰለፈው። አስተርጓሚው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የሁለቱ ቅጂዎች ስሞች ማሳያው ላይ ከላይና ከታች ሆነው ይጠብቁታል። ሻጩ ከኋላው ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

ለአናጺው አዝኖ ነው ብዬ ባሳምርለት ደስ ይለኝ ነበር። አይደለም። የቦርድ ሰዎች ፊት፣ በገዛ እጁ፣ ሥራው ተበላሽቶ ሲስቁበት ማየት አልቻለም። አራት ዓመት ጠብ እርግፍ ያለበት ነገር አንድ ጊዜ፣ ሰው ባለበት፣ ሲሠራ ማየት ፈለገ። ልጁ ትዝ አላለችውም ማለት አይደለም። ትዝ ብላው፣ እያወቀ፣ ጣቱ የዳነውን ከፈተ።

እትዬ ካርድ የአናጺውን ቁጥር ጻፈች፣ የመጨረሻውን ቁልፍ ተጫነች። እጇን ገና ሳታነሳ ካርዱ ወጣ። ዕድሜው፣ ሐኪሙ፣ ክፍሉ፣ ሁሉም በቦታው። ሠላሳ ዓመት የጠበቀች ሴት ናትና ሳታስበው «እሰይ!» አለች። ከዚያ ያደረገው ነገር ገባትና በሁለት እጇ አፏን ያዘች። አናጺው «ይኸው ነው? ልሂድ?» አለ፣ መቆየት ያለበት መስሎት። ሰዉ ሳቀ። አስተርጓሚውም ሳቀ፤ በእነዚያ ስድስት ዓመታት ውስጥ እንደዚያች ደቂቃ ተደስቶ አያውቅም፣ እውነቱ ይነገር ከተባለ።

ሻጩ ቦርሳውን ዘግቶ ሄደ። ዳይሬክተሩ ትከሻውን አቅፈው ኮሪደሩ ላይ አወጡት።

«ዶክተር፣ ደብዳቤውስ?»

«የምን ደብዳቤ?» አሉና ወዲያው አስታወሱ። ፊታቸው ላይ እውነተኛ ሐዘን ነበር፣ ያንን አይክዳቸውም። «ወንድሜ፣ አሁን አንተን ብለቅ ይህን ማን ይይዘዋል? ሦስቱ ሆስፒታሎችም አሉ። አንድ ሰው አሠልጥንልኝ። ተተኪ ይገኝና በማግስቱ።»

ካርድ ክፍል ሲመለስ እትዬ ካርድ ቀና ብላ አላየችውም። ሰልፉ ከወትሮው በፍጥነት እየሄደ ነበርና ሥራ በዝቶባታል። «ምነው ልጄ፣ ምነው» ብቻ አለች፣ የሚቀጥለውን ቁጥር እየጻፈች።

በምሳ ሰዓት ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ቆሞ ደወለ። ባለቤቱ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳችው።

«ወደቀ?» አለች።

«ሠራ።»

ከወዲያ በኩል የድስት ክዳን ሲቀመጥ ተሰማ።

«በስንት ሰከንድ?»

«በግማሽ።»

«ከአራት ደቂቃ...» አለች፣ ልማድ ነውና አሰላችው። «አራት መቶ ሰማንያ እጥፍ ነው።» ከዚያ፣ «አውቀህ ነው አይደል?» አለችው።

«አዎ።»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለው ነበር። «ጎበዝ ነህ። ሁልጊዜም ጎበዝ ነህ» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ስድብ ፈልጎ አጣ። «ለሷ ግን እኔ አልነግራትም። አንተው ንገራት» ብላ ስልኩን ሰጠቻት።

ልጅቷ ገና ሳታናግረው ትስቅ ነበር፣ እየሮጠች መጥታ ነው መሰለኝ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«አባዬ! ቁም ሳጥኑን ግማሹን ባዶ አድርጌልሃለሁ። የኔን ልብስ በሙሉ ወደታች አወረድኩት። ላይኛው ያንተ ነው። ኮትህ ይበቃዋል?»

እሱ ዛፉን ተደገፈ። አሠልጥንልኝ ስላሉት ሰው፣ ስለ ሦስቱ ሆስፒታሎች፣ ስለሚቀጥለው ዓመት ሊነግራት ቃል ፈለገ፤ ከነዚያ ሁሉ ዓመታት በኋላ ለስምንት ዓመት ልጅ የሚተረጎም አንድም አላገኘም።

«ልብሶችሽን መልሺያቸው፣ የኔ እናት» አላት።